ማርጋሪን፦ «ዕንቁ የሚመስል» የሚል ስም ያለው ስብ

(ቋንቋና ሳይንስ ለሚወዱ አድማጮች በቃል ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። የተጋበዝኩት ስለ ዕንቁ እንድናገር ነው። የምጀምረው ግን ዳቦ ላይ ከሚቀባው ማርጋሪን ነው። አትሳቁ፣ ርዕስ አልቀየርኩም። «ማርጋሪን» ከሥሩ ሲፈታ «ዕንቁ የሚመስል» እንደማለት ነው። ማርጋሬት፣ ማርጋሪታ፣ ግሬታ፣ ሪታ የሚባሉት ሁሉ ከዚህ ስም ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። አንዷ በዴንማርክ ንግሥት ሆነች፤ አንዷ የፒዛ ስም ሆነች፤ አንዷ ደግሞ ሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ውስጥ በፕላስቲክ ዕቃ ተቀምጣለች።

ይህ ስም በስህተት የተሰጠ ነው ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ስሙን ያወጣው ኬሚስት አንድ ንጹሕ ነገር አገኘሁ ብሎ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ ያገኘው ነገር ድብልቅ ሆነ። እኔ ግን ሰውየው በኬሚስትሪው እንጂ በዓይኑ አልተሳሳተም ባይ ነኝ። ያየው ወዝ የእውነት የዕንቁ ወዝ ነበር። ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን ወደ ኋላ እንከተለው። ግሪኮች ዕንቁን «ማርጋሪቴስ» ይሉታል። ቃሉ የራሳቸው አይደለም፤ ዕቃው ከምሥራቅ መጣ፣ ስሙም አብሮት መጣ። የአርስቶትል ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ ስለ ድንጋዮች ሲጽፍ ዕንቁ በህንድና በኤርትራ ባሕር ደሴቶች እንደሚገኝ ይናገራል። የዚያን ዘመን ግሪኮች «የኤርትራ ባሕር» ሲሉ የእኛን ቀይ ባሕር ብቻ ማለታቸው አልነበረም፤ የዓረብን ባሕርና የፋርስን ባሕረ ሰላጤም ይጨምሩ ነበር። ፋርሶች ዛሬም ዕንቁን «ሞርቫሪድ» ነው የሚሉት። የቋንቋ አጥኚዎች የግሪኩን ቃል ከእነዚህ የኢራን ቋንቋዎች ጋር ያዛምዱታል።

ከግሪክ ወደ ላቲን ሲገባ «ማርጋሪታ» ሆነ። በሶርያና በአካባቢው በሚነገረው አራማይክ «ማርጋኒታ» ተባለ። ከዚያ ወደ ዓረብኛ ተሻገረና «መርጃን» ሆነ። ዓረብኛ ውስጥ ግን ትርጉሙ እየዞረ ሄዶ ዛሬ ቀዩን የባሕር ጌጥ፣ ኮራል የሚባለውን ነው የሚጠራው። ለዕንቁ ዓረቦች ሌላ ቃል አላቸው፤ እሱን በኋላ እናገኘዋለን፣ ምክንያቱም ወደ እኛም ቤት ገብቷል።

ይህ የግሪክ ቃል አክሱምንም አግኝቷታል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ ነበር። መልእክተኛው ያየውን ዮሐንስ ማላላስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ መዝግቦልናል። ንጉሡ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ከፍ ያለ ሠረገላ ላይ ቆሟል። ከወርቅ ክር ጋር የተሠራ የተልባ እግር ልብስ አገልድሟል። ሆዱና ትከሻው ላይ በዕንቁ ያጌጡ ማሰሪያዎች አሉ። ንጉሡ እኛ ዓፄ ካሌብ የምንላቸው ናቸው። ማላላስ ለዕንቁው የተጠቀመበት ቃል ያው «ማርጋሪቴስ» ነው። እንግዲህ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ያንን ዕቃ ስታነሡ የዓፄ ካሌብን ጌጥ ስም እያነበባችሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ዘለን ፓሪስ እንግባ።

ሚሼል ዩጂን ሼቭረል በ1786 በአንጄ ከተማ ተወለደ። የሞተው በ1889 ነው። አስሉት፤ 102 ዓመት ኖሯል። የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ ሕፃን ነበር፤ ኤፍል ታወር ሲያልቅ ደግሞ በሕይወት ነበር። ማማው ላይ ከተቀረጹት 72 የሳይንቲስቶችና የመሐንዲሶች ስሞች አንዱ የእሱ ነው።

ሼቭረል ገና ወጣት ሳለ፣ በ1811፣ ከዓሣማ ስብ የተሠራ ሳሙና እንዲመረምር ተሰጠው። ያን ጊዜ ሳሙና ምን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መሥራቱንማ ሰው ሁሉ ይችልበታል። ስብና የአመድ ውሃ አፍልቶ ሳሙና ማውጣት በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ ሙያ ነው። ድስቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ግን ማንም አያውቅም። ስብ ራሱ አንድ ወጥ ነገር ነው ተብሎ ነበር የሚታሰበው።

ሼቭረል ሳሙናውን በብዙ ውሃ አሟሟው። ከፊሉ ሟሟ። ከፊሉ ግን ወደ ታች ዘቀጠ። የዘቀጠው ነገር ሲነካ የሚያብረቀርቅ፣ የሚወዛ ነጭ ነበር። ሰውየው ያየው ወዝ ዕንቁ አስታወሰው። ከዚያ ዝቃጭ ውስጥ ፖታሹን፣ ማለትም ከአመድ ውሃው የመጣውን ክፍል፣ በአሲድ ሲያስወግደው የስቡ አሲድ ብቻውን በክሪስታል መልክ ቀረ። ለዚህ ነገር በ1813 «ማርጋሪን» የሚል ስም ሰጠው፤ በኋላ አሲድነቱ ሲለይ «ማርጋሪክ አሲድ» አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው። ሼቭረል ስሞቹን ከየት ነበር የሚያመጣው? ከስሜት ሕዋሶቹ! ከስብ ውስጥ የሚወጣ ጣፋጭ ፈሳሽ ነበር። ፈሳሹን ከእሱ በፊት ሼሌ የተባለው የስዊድን ኬሚስት አግኝቶታል፤ ሼቭረል ግን «ጣፋጭ» ከሚለው የግሪክ ቃል ተነሥቶ «ግሊሰሪን» አለው። ምላስ ሰየመው ማለት ነው። ቅቤ ሲመረምር ደግሞ የወጠጤ ሽታ ያላቸው አሲዶች አገኘ። ለእነሱ «ካፕሪክ» እና «ካፕሮይክ» የሚል ስም ሰጣቸው፤ «ካፕራ» በላቲን ፍየል ናት። እነዚህን አፍንጫ ሰየማቸው። ማርጋሪክን ደግሞ ዓይን ሰየመው። ላብራቶሪ ውስጥ ዛሬ የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች አንዳቸውም አልነበሩም። የነበረው ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ብልቃጥና የሰውየው ፊት ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ትልቅ እውቀት ወጣ። ስብ ወጥ ነገር አይደለም፤ የስብ አሲዶችና ግሊሰሪን ተሳስረው የተሠራ ነው። ሳሙና ሲፈላ ይህ ማሰሪያ ይፈታል። በ1823 ይህን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ አሳተመው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጌይ ሉሳክ ከተባለው ኬሚስት ጋር ሆኖ ከስብ አሲድ ሻማ ለመሥራት የፈጠራ መብት አወጣ። የሞራ ሻማ ያውቃችሁት እንደሆነ ታስታውሱታላችሁ፤ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ በሙቀት ይልፈሰፈሳል። አዲሱ ሻማ ግን ነጭና ጠንካራ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ አውሮፓ ለመደው።

አሁን ስህተቱ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ሃይንትስ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት የሼቭረልን ማርጋሪክ አሲድ ደጋግሞ ከፋፈለው። ወደ ሁለት ነገር ተለያየበት፦ ስቴሪክ አሲድና ፓልሚቲክ አሲድ። ሁለቱ ሲደባለቁ ከእያንዳንዳቸው ባነሰ ሙቀት ይቀልጣሉ። ሼቭረል ንጽሕናን የሚለካው በመቅለጫ ሙቀት ስለነበር ድብልቁ የራሱ መቅለጫ ያለው ሦስተኛ ነገር መሰለው። በቃ፣ ማርጋሪክ አሲድ የሚባል ነገር እዚያ ብልቃጥ ውስጥ አልነበረም።

ስም ግን አንዴ ከወጣ በኋላ በቀላሉ አይሞትም። ሦስተኛው ናፖሊዮን ለባሕር ኃይሉና ለድሃው ሕዝብ የሚሆን፣ ርካሽና ቶሎ የማይበላሽ የቅቤ ምትክ ላመጣ ሰው ሽልማት አዘጋጀ። ኢፖሊት ሜዥ ሙሪዬስ የተባለ ኬሚስት የበሬ ሞራን በቀስታ አሞቀ፣ ጨመቀና ለስላሳውን ክፍል ለየ፤ ከወተት ጋርም ናጠው። ሐምሌ 15 ቀን 1869 የፈጠራ መብት ወሰደ። የተጨመቀው ስብ የሼቭረልን «ማርጋሪን» የያዘ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ምርቱ «ኦሊዮማርጋሪን» ተባለ። አጠር ሲል ማርጋሪን። በነገራችን ላይ ያ የመጀመሪያው ማርጋሪን የበሬ ሞራና ወተት ነውና ለጾመኛ አይሆንም ነበር፤ ያስገድፋል። ዛሬ እኛ ለጾም የምንገዛው ከአትክልት ዘይት የሚሠራው ነው። ዘይትን በሃይድሮጅን ማርጋት የተቻለው ኖርማን የተባለው ጀርመናዊ በ1902 ዘዴውን ካወጣ በኋላ ነው። ያ ዘዴ ትራንስ ፋት የሚባለውን፣ ለልብ የማይበጅ ስብ፣ ጣጣ ይዞ መጣ፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

የፈጠራውን ጥቅም ያገኙት ሆላንዶች ናቸው። በ1871 ዩርገንስ የተባለው የኦስ ከተማ የቅቤ ነጋዴ ቤተሰብ ዕውቀቱን ገዛ። የእነሱ ንግድ ከሌሎች ጋር እየተጣመረ ሄዶ በኋላ ዩኒሊቨር የሚባለው ኩባንያ አንድ ክንፍ ሆነ። ቅቤ አምራቾች ደግሞ በየአገሩ ተነሡበት። አሜሪካ በ1886 ቀረጥ ጣለችበት። ጠቡ የተካረረው በቀለም ነው። ማርጋሪን በተፈጥሮው ነጭ ነው፤ ቢጫ ቀለም ከተጨመረበት ቅቤ ይመስላል። ኒው ሃምፕሸር ከቅቤ እንዲለይ ሮዝ ካልተቀባ አይሸጥም የሚል ሕግ አወጣች! የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1898 ሻረው። ዊስኮንሲን ውስጥ ቢጫ ማርጋሪን መሸጥ እስከ 1967 ድረስ ክልክል ነበር። ማንም ልብ አላለውም እንጂ ነጩ ለስሙ ይበልጥ ይስማማው ነበር።

ወደ ዓይኑ ልመለስ። ሼቭረል ያየው ወዝ ለምን የዕንቁ ወዝ ሆነ?

ዕንቁ ከምን እንደተሠራ እንይ። ኦይስተር የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ የዛጎሉን ውስጥ በሚያብረቀርቅ ነገር ይለብጣል። ባዕድ ነገር ገብቶ ሲያስቸግረው ያንኑ ልባጥ በዙሪያው ይደራርብበታል፤ ዕንቁ ይሆናል። የልባጡ ዋና ንጥረ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የኖራ ድንጋይም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አንዱ ንግሥት አንገት ላይ፣ አንዱ ሲሚንቶ ፋብሪካ። ልዩነቱ አደራደሩ ላይ ነው። ዕንቁ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔቱ በጣም ስስ በሆኑ ጠፍጣፋ ቅርፊቶች ተደርድሯል። የአንዱ ቅርፊት ውፍረት ግማሽ ማይክሮን ገደማ ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 2000 ያህሉ ሊደራረቡ ይችላሉ። በመካከላቸው በጣም ቀጭን የፕሮቲን ሽፋን አለ።

ይህ ውፍረት ከሚታየው ብርሃን ሞገድ ጋር ይቀራረባል። ብርሃን ሲያርፍበት ከላይኛው ቅርፊት ጥቂቱ ይመለሳል፣ ከሁለተኛው ጥቂቱ፣ ከሦስተኛው ጥቂቱ። የሚመለሱት ብርሃኖች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ አንዱ ቀለም ይጎላል፣ ሌላው ይደበዝዛል። ስለዚህ መስታወት ብርሃኑን ከላዩ ላይ መልሶ ሲወረውር፣ ዕንቁ ግን ከውስጥ የሚያበራ ይመስላል። ጥልቀት አለው።

እንግዲህ ሼቭረል ብልቃጥ ውስጥ የዘቀጠው ነገርም ስስና ጠፍጣፋ የክሪስታል ቅርፊት ነበር። የስብ አሲድ ሞለኪውል ረጅም ጅራት አለው። ጅራቶቹ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ንብርብር ይሠራል፤ ንብርብሩ ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቶቹ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው ብርሃኑን በየደረጃው ይመልሱታል። ንጥረ ነገሩ ከዕንቁ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የወዙ ምክንያት ግን አንድ ነው፦ ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ የተደራረበ።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ቤት ስትገቡ የፈሳሽ እጅ ሳሙናችሁን እዩት። ነጭ ሆኖ ሲንቀሳቀስ የሚወዛው ዓይነት ካላችሁ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ «ግላይኮል ዳይስቴሬት» የሚል ታገኛላችሁ። ይህ ከስቴሪክ አሲድ የሚሠራ ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው የንግድ «ስቴሪክ አሲድ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የስቴሪክና የፓልሚቲክ ድብልቅ ነው። ታዩታላችሁ? ሃይንትስ «ይህማ ድብልቅ ነው» ብሎ ያፈረሰው ነገር ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ፣ ለዕንቁ ወዙ ሲባል ይገባል። የሼቭረል ዓይን ካሣውን አግኝቷል ማለት ይቻላል።

ሌሎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዣኬን የተባለ የፓሪስ መቁጠሪያ ሠሪ የአንድ ትንሽ ዓሣ ቅርፊት እያጠበ የሚያብረቀርቅ ነገር ያወጣ ነበር። ባዶ የመስታወት ዶቃ ውስጡን በዚያ ቀብቶ የሐሰት ዕንቁ ሠራ። መኪና ደላላም «ፐርል ዋይት ናት፣ ነጭ ብቻ አይደለችም» ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ቀለሙ ውስጥ በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተለበጡ፣ ሚካ የሚባል ማዕድን ቅርፊቶች አሉ። ያው ስስ፣ ያው ጠፍጣፋ። ዋጋው ግን አሁንም በዝቷል።

አሁን ወደ ራሳችን። «ታዲያ እኛስ ዕንቁ የሚመስለውን ምን እንላለን?» የሚል ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዳንድ ፊት ላይ አይቻለሁ።

በግእዝ ዕንቁ «ባሕርይ» ነው። ከባሕር የሚወጣ ነውና ስሙ ከባሕር ጋር ይሄዳል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው ነጋዴ በአማርኛው የሚፈልገው «ዕንቁ» ነው፣ በግእዙ ግን «ባሕርይ»። ክብረ ነገሥት ውስጥም ከአዳም ጀምሮ በተመረጡት አባቶች አካል እየተላለፈ እመቤታችን ድረስ የሚደርሰው ዕንቁ ባሕርይ ተብሎ ነው የሚጠራው። አባ ባሕርይ የሚለው የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ስምም በዚህ ሲነበብ ሌላ መልክ ይይዛል። ቃሉ ግን ሌላም ትርጉም ያዘ፤ የአንድ ነገር ዋና ማንነት፣ ተፈጥሮው። ሊቃውንቱ ለዘመናት የተከራከሩበት «ባሕርይ» ይህ ነው። ዛሬ «ባሕርይው ከባድ ነው» ስንል ስለ ሰው ጠባይ ነው የምናወራው፣ ዕንቁው ጨርሶ ተረስቷል። ዓረብኛም ይህንኑ መንገድ ሄዷል። «ጀውሀር» የከበረ ድንጋይም ነው፣ ፈላስፎች የአንድን ነገር ዋና ሕላዌ የሚጠሩበትም ቃል ነው።

ሁለተኛው ቃላችን «ሉል» ነው፤ የዓረቦቹ «ሉእሉእ»። ሉሊት፣ ሉልሰገድ የምንላቸው ስሞች ውስጥ ዕንቁነቱ አለ። ግን እዚህም ቅርጹ ወዙን አሸነፈው። ክብ ነገር ሁሉ ሉል ሆነ፤ የመሬት ሉል መጣ፤ ከዚያ «ሉላዊነት» ብለን ዓለም አቀፉን ንግድና ፖለቲካ ሁሉ ጫንበት። «ሉላዊ» ቃል በቃል ዕንቁማ ማለት ነበር። አሁን ግን «ሉላዊ ሳሙና» ብትሉ ሰው የሚረዳው ድቡልቡል ወይም ከውጭ የመጣ ሳሙና ብሎ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው «ወዝ» የሚለውን ነው። «ፊቷ ወዛም ነው» ስንል መብረቅረቋን አይደለም የምናወራው፤ ከውስጥ የሚወጣ፣ የለሰለሰ ብርሃን ነው። ደግሞም ወዝ ቅባትን ያስታውሳል። ዕንቁንና ስብን በአንድ ቃል የሚያገናኝ ሌላ ቋንቋ እኔ አላጋጠመኝም። «የዕንቁ ወዝ ያለው» ማለት ሦስት ቃል ነው፤ ረዘመ ካላችሁ «ዕንቁማ» በሉ፣ «ወርቃማ» እንዳልነው። መዝገበ ቃላት እስኪያስገባው መጠበቅ የለብንም።

ንግግሩ እዚህ ላይ አበቃ። ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ልጨምር። አንዲት ተማሪ «ታዲያ ማርጋሪክ አሲድ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም ማለት ነው?» አለችኝ። አለ። ከሃይንትስ በኋላ ስሙ ባለቤት አጥቶ ቀረና ኬሚስቶች ለሌላ አሲድ ሰጡት፤ 17 ካርቦን ላለው፣ በስቴሪክና በፓልሚቲክ መካከል ለሚገኘው። «እሺ፣ ማርጋሪን ውስጥ ይገኛል?» አለች ቀጥላ። ከአትክልት ዘይት በሚሠራው ውስጥ የለም ብንል ይቀላል። በጥቂቱ የሚገኘው በወተት ስብ ውስጥ ነው፤ ላም ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ስለሚሠሩት። ተመራማሪዎችም አንድ ሰው ምን ያህል የወተት ስብ እንደበላ ለመገመት ደሙ ውስጥ ይህንን አሲድ ይፈልጋሉ። ማርጋሪክ አሲድ የፈለገ ሰው እንግዲህ ቅቤ ይግዛ።